ቀስቱ ዜሮ ላይ የወደቀ ሰሞን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ የሆነውን እዚህ ላስፍረው።

ጠዋት እንደወትሮዬ የማመላልሳቸውን ሕፃናት ጭኜ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ የሚወስደውን ቁልቁለት ጀመርኩ። የፍጥነት ቆጣሪው ቀስት አርባ ላይ ነበር። ድንገት ዜሮ ላይ ዘጭ አለ። መኪናው እየሄደ ነው፣ የግንቡ አጥር በጎናችን እየሮጠ ነው፣ ቀስቱ ግን ቆመናል ይላል። ፊት ወንበር የምትቀመጠው ወሬኛዋ ልጅ አንገቷን አስግጋ አየችና «ደረስን እንዴ?» አለችኝ። ወዲያው ካምቢዮው ከኋላ በእርግጫ የተመታን ያህል ገጭ አደረገን። ከታች መብራቱ ጋ ፍሬን ስይዝ ደግሞ ሞተሩ ድርግም አለ። መሪው እንደ ድንጋይ ከበደኝ። እንደምንም አስነስቼ ዳር ያዝኩ። ልጆቹ «እንደገና! እንደገና!» እያሉ ይስቃሉ። የእኔ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። ወሬዬን ሳልጨርስ «የፍጥነት ሴንሰሩ ነው» አለ። ከካምቢዮው ጎን የተሰካች፣ አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ናት አለኝ። ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ መዞር እየቆጠረች ለቀስቱም ለካምቢዮውም ትናገራለች። «እሷ ዝም ካለች ካምቢዮው ማርሽ መቼ እንደሚለውጥ አያውቅም፣ ሞተሩም ግራ ይገባዋል። አትጨነቂ፣ ቀላል ሥራ ናት።»

ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። እሱ አትጨነቂ ካለኝ እተኛለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ከሥራ በኋላ አብረን ወጣን። እኔ እነዳለሁ፤ እሱ የመኪናውን ብልሽትና ፍጥነት የሚያሳየውን ኮድ ማንበቢያ ከመሪው ሥር ሰክቶ ጭኑ ላይ ይዞታል። ሃምሳ ሲሆን «ሃምሳ» ይላል፣ አርባ ሲሆን «አርባ» ይላል። ከዳቦ ቤቱ አለፍ እንዳልን ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። «አየሽ? ጎማው ይዞራል፣ ይሄ ቆመናል ይላል። ያዝናት!» ሌባ እንደያዘ ሰው ደስ አለው።

ግቢ ገብተን መኪናውን በክሪክ አነሳና ከሥር ገባ። «ሰው ሁሉ ሮጦ ዕቃ ይገዛል። መጀመሪያ የሚታየው ሽቦው ነው» ይላል ከታች ሆኖ። ሶኬቷን ነቀለ፣ ውስጧን አየ፣ ዘይትም ዝገትም የለባትም። ኤሌክትሪክ መድረሱን ለካ። «ይደርሳታል። የማትመልሰው እሷው ናት። በቃ፣ ሞታለች።»

ከሥር ሲወጣ «ልጆቹን ስንት ሰዓት ነው የምትመልሻቸው?» አለኝ። ነገርኩት። እጁን ታጥቦ ሲመጣ «ልጆቹን ስንት ሰዓት ነው የምትመልሻቸው?» አለኝ ደግሞ። የውሃው ድምፅ አላሰማውም መሰለኝ። ነገርኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ተለወጠች! ልብስ ሳጥብ እሱ ከሥር ሆኖ ሲያፏጭ እሰማ ነበር። ኋላ ብቅ ብሎ «አለቀ» አለ። ሰፈሩን ዞርኩበት፤ ቀስቱ ልክ ነው። ተመስገን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ወደቀ። ቀስቱ፣ እዚያው ቁልቁለት ላይ።

ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ቀይሬዋለሁ እኮ!» ብሎ ጮኸብኝ። እሱ አይጮህም። ልጃችን ላይ እንኳ ጮሆ አያውቅም። ከዚያ ራሱ ደነገጠና «ዕቃው ተመሳስሎ የተሠራ ነው የሚሆነው፣ ዘንድሮ ተመሳስሎ የማይሠራ ነገር የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ገበያው በሐሰተኛ ዕቃ ተጥለቅልቋል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ልጆቹን ሳወርድ ሁለት እናቶች ከበሩ ጋ ቆመው ያወራሉ። የማልሰማ መስሏቸው ነው።

«ልጄ ትናንት ማስመለሷ ከመንገጫገጩ ነው።»

«መኪናው ነው ወይስ ሾፌሯ?»

«እሳቸውም እኮ ትንሽ ደከም ብለዋል።»

ሳቅኩ፣ እጄን አወዛወዝኩላቸው፣ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ መታጠፊያውን እስካልፍ ድረስ አለቀስኩ። የደከምኩት እኔ ነኝ እንዴ? ቀስቱ ሲወድቅ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እሱም በማንበቢያው አይቶታል። እኔ አይደለሁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

መለዋወጫ ሱቅ አብሬው ሄድኩ። ባለሱቁን «ለእኔ ነው የውሸት ዕቃ የምትሸጠው?» ብሎ አፋጠጠው። ያ ሰው አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ሌላ አውጥቶ ሰጠው። ባለቤቴ ወደ መኪናው ሲሄድ ግን ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ሐሙስ ዕለትም መጥተው በዚሁ ነገር ተቆጥተው ሌላ ሰጥቻቸው ነበር እኮ። ረስተውት ይሆን?» አለኝ።

«ሥራ በዝቶበት ነው» አልኩት።

በዝቶበታል። የዳቦ አከፋፋዩ መኪና ፍሬን ይጠብቀዋል፣ የነርሷ መኪና አለች፣ የጎረቤታችን አለች። ብቻውን ነው የሚሠራው። የት ያስታውሰዋል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

አዲሷን ትናንት ገጠመ። ዛሬ ደህና ዋለ። ለመጻፍ እንኳ ፈራሁ፤ እንዳላሟርትበት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ወደቀ። ስሄድም ስመለስም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ቱታውን ላጥብ ኪሱን ስበረብር ያልተከፈተ ሴንሰር አገኘሁ፣ ከነማሸጊያው። ለመጠባበቂያ የያዘው ነው። መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩለት። ልጠይቀው አፌ ድረስ መጥቶ ተውኩት። ሰሞኑን ጥያቄ አይወድም።

ቁልቁለቱን ትቼ በዙሪያ ነው የምሄደው። ሩቅ ነው፣ ልጆቹ ያረፍዳሉ። ወሬኛዋ «ለምንድን ነው በዚህ የምንዞረው?» አለችኝ። «ዛፎቹን ለማየት» አልኳት። «ዛፍ የለም እኮ» አለችኝ። የለም፣ እውነትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ልጃችን ደወለች። ከተማ ከለወጠች ወዲህ ድምፅዋ ራሱ የትልቅ ሰው ሆኗል።

«እማዬ፣ አባዬ ደህና ነው?»

«ምን ይሆናል? ደህና ነው።»

«ትናንት ደውሎ የመኪናሽን ነገር አወራኝ። ከዚያ ስልኩን በዘጋ ቅጽበት መልሶ ደውሎ ያንኑ ከመጀመሪያው ጀመረልኝ። ያንኑ ቃል፣ እማዬ። ያንኑ ቀልድ።»

«ናፍቀሽው ነዋ! ድምፅሽን መስማት ፈልጎ ነው።»

«እሺ» አለች። እንደዚያ ያለ እሺ አልወድም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ስመጣ ግቢው መሐል መፍቻ ይዞ ቆሟል፤ በሩን ያያል። ሰው የሚጠብቅ መስሎኝ «ማን ሊመጣ ነው?» አልኩት። «እ?» አለኝ። ዓይኑ ላይ እኔ አልነበርኩም። ወዲያው ግን ተመለሰና «ምን ሠርተሻል? ርቦኛል» አለኝ።

ማሰብ ያበዛል። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በየጠዋቱ እነዚያን ሕፃናት አንድ በአንድ አንስቼ ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ፣ ቀበቷቸውን አስራለሁ። እናቶቻቸው ይስሟቸዋል። መኪናው ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሌላ መካኒክ ጋ ልወስደው? የእሱን መኪና፣ የእሱን ሥራ፣ ሌላ ሰው ጋ? ሲሰማ ምን ይለኛል? ከዚያ ደግሞ ስለ እሱ ኩራት ብዬ የሰው ልጅ እየጫንኩ መሆኔን አስበዋለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓርብ። ዓርብ እወስደዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

አልወሰድኩትም። «አሁን ያለ ጥርጥር ይዣታለሁ፣ ዛሬ እቀይራታለሁ» አለኝ። የፊት ግራ ጎማውን ፈትቶ፣ ከጎን በኩል ገብቶ ሠራ። ሲጨርስ ደስ ብሎት ግንባሬን ሳመኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ቁጭ ብዬ ልጻፈው። ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጠዋት ጉም ነበር። የዙሪያው መንገድ በቁፋሮ ተዘግቶ ስለነበር በቁልቁለቱ ወረድኩ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ቀስቱ ልክ ስለነበር ልቤ ትንሽ አርፎ ነበር። አጋማሹ ላይ ወደቀ። ካምቢዮው ተንጫጫ፣ አንዴ ገጭ፣ ሁለቴ ገጭ፣ ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ቁልቁለቱ መሐል። ፍሬኑን ስረግጠው ደነደነብኝ፤ ግንብ የምገፋ ነው የመሰለኝ። መሪው እሺ አይልም። ከፊታችን ከጉሙ ውስጥ የብረት ዘንግ የጫነ የቆመ የጭነት መኪና ብቅ አለ። ዘንጎቹ ወደ ኋላ አፍጥጠው ወጥተዋል፣ ልክ በእኛ መስተዋት ቁመት።

የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ሳብኩት። በእግሬ ፍሬኑ ላይ ቆምኩበት ማለት ይቻላል። ጎማው የመንገዱን ጠርዝ እየፋቀ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ከዘንጎቹ ጫፍ እስከ መስተዋታችን አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

በዚህ ጊዜ ማንም «እንደገና» አላለም። ወሬኛዋ እንኳ። ትንሽ ቆይታ በቀስታ «እትዬ፣ ማልቀስ ይቻላል?» አለችኝ። «ይቻላል የኔ ልጅ» አልኳት። ሁላቸውም በአንድ ጊዜ ጀመሩ።

ስደውልላቸው መምህራኑ መጥተው እጅ ለእጅ አያይዘው በእግር ወሰዷቸው። እኔ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሞተሩ ኋላ ተነሳልኝ። ወደ ቤት አልሄድኩም። እንደ ኤሊ እየተጎተትኩ ጭምቱ ጋ ሄድኩ።

ጭምቱ የምንለው ባለቤቴ ሙያ ያስተማረው፣ አሁን የራሱን ጋራዥ የከፈተ ሰው ነው። ቃል አይወጣውም፤ ስሙንም ያወጣለት ባለቤቴ ነው። መኪናውን አነሳና ከሥር ገባ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ መዳፉ ላይ ሴንሰሯን ይዟል። ጫፏ ተሰንጥቋል፤ ጥቁር የብረት ብናኝ እንደ ጢም በቅሎባታል።

«እትዬ፣ ይቺ አዲስ አይደለችም።»

«ሦስቴ ተቀይራለች!»

«አልተቀየረችም። ወጥታለች፣ ተጠርጋለች፣ ተመልሳ ገብታለች። ሲጠርጓት ለአንድ ለሁለት ቀን ትሠራለች።» ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። «ጋሼ ናቸው የገጠሟት?»

መልሴን አልጠበቀም። መኪናውን ዞሮ እያየ የፊት ግራ ጎማ ጋ ሲደርስ ቆመ። ብሎኑን በጣቱ አዞረው። በጣቱ! ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም። ሁሉም በእጅ ብቻ ገብተው የቀሩ ናቸው። ፊቱ አመድ መሰለ። መፍቻውን አምጥቶ አጠበቃቸው።

ዓርብ ዕለት ያንን ጎማ ማን እንደፈታው አውቃለሁ። ግንባሬን ስሞኝ ነበር።

ከዚያ ጭምቱ ከዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ረጅሙን ንግግሩን ተናገረ። «እትዬ፣ ለማንም ትንፍሽ አልልም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰሞኑን ከግቢያችሁ የወጣ ሌላ መኪና አለ?»

የዳቦ አከፋፋዩ። ፍሬን። ትናንት ወሰደው።

እንዴት እንደደረስን አላስታውስም። ሰውየው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሣጥን ይጭናል። ጭምቱ «ጋሼ ልከውኝ ነው፣ አንድ ነገር ላይልዎት» ብሎ አራቱንም ጎማ ፈታ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ጸሎት የሚሉትን ሁሉ አልኩ። ጨርሶ ተነሳና «እንከን የለውም» አለኝ። «እንደዚህ የተሠራ ፍሬን ካየሁ ቆይቻለሁ። እኔም እንዲህ አልሠራም።»

ያን ጊዜ ነው የባሰ የፈራሁት። ሁልጊዜ ቢያጠፋ ኖሮ እናውቅ ነበር። አንዱን ቀን የሠራው ሥራ ያስደንቃል፣ ሌላውን ቀን የሠራው ሰው ይገድላል፣ ሁለቱንም ቀን «አለቀ» ብሎ ያፏጫል።

መኪናውን ያለ ሴንሰሯ ቀስ እያልኩ ነድቼ ቤት ስገባ «ቀስቱ እንዴት ዋለ?» አለኝ።

«ደህና» አልኩት። ዛሬ አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ዛሬ ልጆቹን አልጫንኩም። ለመዋዕለ ሕፃናቱ ነግሬያለሁ።

ቁርስ ላይ ከመደርደሪያው ያነሳሁትን ያልተከፈተ ሴንሰር ፊቱ አስቀመጥኩ። አጠገቡ ጭምቱ ያወጣትን አሮጌዋን።

አሮጌዋን አነሳ። አገላበጣት። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ማን አወጣት?»

«ጭምቱ።»

«ልጆቹ ነበሩ?»

«ነበሩ። ደህና ናቸው።» ከዚያ የጎማውን ነገርኩት። መንገር ነበረብኝ። ስነግረው ሻዩ ላይ ያለው እጁ ሲቆም አየሁት፤ ፍጹም ሲቆም።

«በክረምቱ ነው ያወቅኩት» አለኝ። «አንድ ካምቢዮ ፈትቼ ዘርግቼው፣ ቁልቁል እያየሁት፣ የቱ ከየት እንደመጣ ጠፋኝ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ተመለሰልኝ። ድካም ነው አልኩ። ከዚያ ደግሞ ሄደ። ብነግርሽ...» ተወው። «ብነግርሽ እውነት የሚሆን መሰለኝ።»

«እኔም እኮ አይቼ ነበር» አልኩት። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አላዘዝኩትም። አይቼ ነበር? የውሃው ድምፅ፣ ሥራ መብዛቱ፣ ናፍቆቱ። ወደ ኋላ ገልጬ የጻፍኩትን ላነብ ጀመርኩና ዘጋሁት።

ተነሳ። ቱታውን ለበሰ። «ነይ» አለኝ። «እኔ እየነገርኩሽ አንቺ ትገጥሚያታለሽ።»

ባትሪውን አስፈታኝ። መኪናውን አነሳን፣ ድጋፍ አደረግንበት፣ በጀርባዬ ተኝቼ ከሥር ገባሁ። እሱ ከውጭ ተንበርክኮ ይነግረኛል። የሴንሰሯን የላስቲክ ቀለበት ዘይት አስቀባኝ። «ቀጥ አድርገሽ፣ እንዳትጨቁኛት፣ ትንሽ እያዞርሽ። መግባቷን ራሷ ትነግርሻለች።» ገባች። አንዲቷን ብሎን አጠበቅኩ። ሶኬቷን ስሰካ ቀጭ አለች። አንድም ነገር አልተሳሳተም፣ አንድም ቃል አልጠፋውም። ለትንሽ ጊዜ ትናንት የሆነው ሁሉ የሌላ ሰው መኪና፣ የሌላ ሰው ባል መሰለኝ።

ጭምቱን ጠርቼው ነበር። መጥቶ ሲፈትሽ ባለቤቴ ፊቱን አላዞረም። ቆሞ አሳየው። «ጎማውንም» አለው ራሱ። «አራቱንም እይልኝ።» ጭምቱ ብድግ ቁጭ እያለ ሲያይ እንባው አፍንጫው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

የብልሽት ኮዱን በማንበቢያው አጥፍተን ወጣን። ቁልቁለቱን ወረድኩት፣ ወጣሁት፣ ደግሜ ወረድኩት። ማንበቢያው ላይ ያለው ቁጥርና ቀስቱ አንድ ናቸው። ሞተሩ አልጠፋም፣ ካምቢዮው አልተንጫጫም። ጠግኜዋለሁ። ግን ደስታ የሚባል ነገር በአጠገቤ አላለፈም። መኪናው መዳኑ ሌላውን ፍርሃት ብቻውን አስቀረው፣ መደበቂያ አሳጣው።

ስንመለስ ከመኪናው አልወረደም።

«ስልኬን አምጪልኝ» አለኝ።

ረቡዕ፣ እራት ከበላን በኋላ

ከክረምቱ ጀምሮ መኪናቸውን የነካሁላቸውን ሁሉ እደውላለሁ አለ። «ተወው፣ ጭምቱ ይደውልላቸው» አልኩት። «እጄ ነው የነካው፣ አፌ ይናገራል» አለኝ። ልከራከረው አልቻልኩም።

እኔም ከጎኑ ሆኜ ለልጆቹ እናቶች ደወልኩ። ትናንት የሆነውን ነገርኳቸው፣ ቀደም ብዬ ማቆም እንደነበረብኝም ነገርኳቸው። አንዷ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ፤ እውነቷን ነው። የወሬኛዋ እናት ግን «ልጄ ማልቀስ ይቻላል ብለውኛል እያለች ማታውን ሙሉ ስታወራ ነበር» አለችኝና ድምፅዋ ተሰበረ። ልጇን ወደ መኪናዬ ትመልሳት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ለልጃችንም ነገርናት። ቅዳሜ ትመጣለች። ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን። «ሂድ ብላችሁ እንዳታስጨንቁኝ፣ እሄዳለሁ» ብሏል።

እሱ ጠረጴዛው ዳር ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይደውላል። ለነርሷ፣ ለጎረቤታችን፣ ለባለሱቁ ሳይቀር፤ እሱንስ ይቅርታ ለመጠየቅ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚላቸው፦ «እኔ የሠራሁት ላይ እምነት እንዳትጥሉ። ሌላ ሰው ሳያይላችሁ እንዳታስነሱ። ትንሽ አሞኛል።» አንዳንዶቹ ይስቃሉ፣ የሚቀልድ መስሏቸው። እሱ እስኪጨርሱ ይጠብቃቸውና እንደገና ከመጀመሪያው ይላቸዋል። እኔ ሳህን የማጥብ መስዬ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ።

ከዚያ ለአንዱ ደውሎ ዝም አለ። ዞር አልኩ። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። ከውስጥ «ሃሎ? ሃሎ፣ ጋሼ?» የሚል ይሰማል። እሱ እኔን ያያል። ዓይኑ እንደ ሕፃን ነው።

«ማን ጋ ነው የደወልኩት?» አለኝ።

እጄን በቀሚሴ ጠራረግኩና ስልኩን ከእጁ ተቀበልኩ። «ባለቤቱ ነኝ» አልኩ። የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። ቢሆንም ሁሉንም ነገርኩት፦ መኪናውን ሌላ ሰው ይየው፣ ሳይታይ እንዳያስነሳው፣ ባለቤቴ ትንሽ እንዳመመው። እሱ እጄን ይዞ ሲያዳምጠኝ ቆየ፤ እያንዳንዱን ቃል፣ ዜናው የሌላ ሰው ይመስል።

ስዘጋ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«እሺ» አለ፣ «ቀጥሎ ያለው ማን ነው?»